ራእይና ሒሳብ በአንድ መዝገብ

በላፍቶ ለእድር መሪዎች፣ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት የቦርድ አባላትና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ራእዩንና ገንዘቡን እንዴት አጣጥሞ መያዝ እንዳለበት ነው። በብዙ ቢሮዎች ሁለቱ ተለያይተው ይኖራሉ። ራእዩ በሥራ አስኪያጁ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ገንዘቡ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛዋ ጋ በፋይል ተጠርዟል። የቦርዱ ሰዎች ስለ መጀመሪያው ሲነሣ ሁሉም ይናገራሉ፤ ስለ ሁለተኛው ሲነሣ ግን «እሱን ባለሙያዋ ታውቀዋለች» ብለው ያልፋሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው። የድርጅት ራእይ የሚታወቀው በጀቱ ሲነበብ ነው። ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል፣ የትኛውን ገንዘብ ደግሞ ቢሰጠውም እንደማይቀበል አስቀድሞ ያልወሰነ ድርጅት ራእይ አለው ለማለት ይቸግረኛል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። እዚሁ ያለውን እድር እንየው። በወሩ መዋጮ ቀን ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛው ላይ መዝገቡን ዘርግቶ ይቀመጣል። አባሉ ደብተሩን ይዞ ይቀርባል፣ ይከፍላል፣ ይፈረምለታል። የዘገየ ቅጣቱን ጨምሮ ይከፍላል፤ ባለ ሱቁም ቀን ሠራተኛውም በአንድ ተመን። ለአባሉ ሞት ስንት፣ ለትዳር ጓደኛ ስንት፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለእኅትና ለወንድም ስንት እንደሚከፈል በመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፏል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳሕኑ፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ በንብረት ያዥ እጅ ነው፤ ወጥቶ ሲመለስ እንደገና ይቆጠራል፣ የጎደለውን የወሰደው ይተካል። በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ገቢና ወጪው በአደባባይ ይነበባል፣ በአባላት የተመረጡ ሒሳብ መርማሪዎችም ያዩትን ይናገራሉ።

የእድር ራእይ አጭር ነው። አባሉ ሐዘን ሲደርስበት ቀባሪና አስተዛዛኝ አያጣም፣ በቀብር ወጪም አይዋረድም። ስለ ትራንስፎርሜሽን አያወራም፣ ስለ ዘላቂ ለውጥም መግለጫ አያወጣም። ሊከፍለው የሚችለውን ብቻ ቃል ይገባል፤ ቃል የገባውን ደግሞ ለቅሶው በተነሣ ዕለት ይከፍላል። መዋጮው የሚሰላው ከቃሉ ተነሥቶ ነው፣ ቃሉም ከመዋጮው አያልፍም። ራእይና በጀት በአንድ መዝገብ ላይ አሉ የምለው ይህንን ነው።

እንዲህ ያለውን ሥርዓት ያመጣለት የመንግሥት ሕግ አይደለም። ዛሬ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርን፣ እቁብንና መሰል ባህላዊ ማኅበራትን ከአዋጁ ውጭ ያደርጋቸዋል። ታዲያ እድር ያለ አስገዳጅ በአደባባይ ሒሳብ የሚያስነብበው ለምንድን ነው? የሚከፍለውና የሚገለገለው አንድ ሰው ስለሆነ ነው። ገንዘብ ያዡ ቢያጎድል የሚጎዳው ጎረቤቱ ነው፤ ነገ ጠዋት መንገድ ላይ ያገኘዋል።

የበጎ አድራጎት ድርጅት ፈተና እዚህ ላይ ይጀምራል። ገንዘቡን የሚሰጠው ሰው ኦስሎ ወይም ዋሽንግተን ነው። የሚረዳው ሕፃን እዚሁ ጀሞ ሰፈር ነው። በመካከል ድርጅቱ አለ። ሪፖርቱ የሚጻፈው ለሰጪው ነው፤ በሰጪው ቋንቋ፣ በሰጪው ቅጽ፣ በሰጪው የበጀት ዓመት። ሕፃኑ ወይም እናቱ ምን ያህል ገንዘብ በስማቸው እንደመጣ አያውቁም። ይህ በክፋት የተሠራ አይደለም፤ የገንዘቡ መንገድ ራሱ ወደዚያ ይወስዳል። ስለዚህ በእድር በተፈጥሮ የሚገኘውን ተጠያቂነት የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆን ብሎ መገንባት አለበት። በዓመት አንድ ቀን ወላጆችን ሰብስቦ «በልጆቻችሁ ስም ይህን ያህል ተቀበልን፣ በዚህ በዚህ ላይ አዋልነው፣ ይህን ያህል ቀረን» ብሎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ማንበብ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። ይህንን የሚያደርጉ ድርጅቶች ጥቂት መሆናቸው ያሳዝነኛል።

እድርንም ያለ ነቀፋ አላልፈውም። ከተቀማጩ የሚበዛው ገንዘብ በባንክ ቁጠባ ይተኛል። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነበር። 100,000 ብር ያስቀመጠ እድር በዓመቱ 107,000 አገኘ፤ በዓመቱ መጀመሪያ በ100,000 ይገዛ የነበረውን ለመግዛት ግን ከ130,000 በላይ ያስፈልገው ነበር። ማንም አልሰረቀም፣ መዝገቡም ልክ ነው፤ ገንዘቡ ግን ሟሟ። ደንቡ ውስጥ የተጻፈው የቀብር ክፍያ ለብዙ ዓመት ሳይሻሻል ሲቀርም ቃሉ በወረቀት ጸንቶ በገበያ ይፈርሳል። ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሄዶ የንፍሮና የወጥ ወጪ ያወጣ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ክፍያውን በየዓመቱ ከገበያው ጋር እያስተያዩ ማሻሻልና ትርፍ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውን በጉባኤ መወሰን ከመዝገብ ጥራት እኩል የገንዘብ አያያዝ ሥራ ነው።

አሁን እንደ እድሩ አጭርና ጠባብ ወደሆነ ራእይ ኃይል ልመለስ። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ሲገቡ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር፤ ሥራቸውም በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም። እዚያ በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ የያዛቸው፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከትዳርና ከመንደር የተገለሉ ሴቶች መጡባቸው። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸውን ሙሉ የያዙት ይህንን አንድ ጉዳት ነው። የፊስቱላ ሆስፒታላቸው በ1960ዎቹ አጋማሽ ተከፈተ፣ ሕክምናው በነፃ ሆነ፣ ከ60,000 በላይ ሴቶችም ታከሙ። ዶክተር ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አረፉ።

እኔን የሚማርከኝ ሥራው እንዴት እንደሰፋ ነው። በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት ተከፈቱ፤ ይህ ሴቶቹ አዲስ አበባ ድረስ እንዳይንገላቱ ነው። ሙሉ በሙሉ ሊድኑ ላልቻሉት ደስታ መንደር ተሠራ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዋላጆች ኮሌጅ ተጀመረ፤ ይህ ጉዳቱ ከምንጩ እንዳይደርስ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ወጪ ከዚያች ከአንዲቱ ጉዳት የተነሣ ነው። «ይህን ደግሞ ለምን ጀመራችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። የእናንተን ድርጅት የወጪ መዝገብ ይዛችሁ በየመስመሩ ይህንን ጥያቄ ጠይቁ። ዘንድሮ የወጣቶች ሥልጠና፣ አምና የአየር ንብረት፣ ካቻምና የእናቶች ጤና የሠራ፣ ሁሉንም የሠራው ለጋሹ ያን ዓመት ያንን ስለፈለገ ከሆነ፣ ያ ድርጅት የለጋሹ ሥራ ተቋራጭ ሆኗል። የፕሮፖዛል ጥሪ ወጥቶ፣ ገንዘቡ ትልቅ ሆኖ፣ ሥራው ግን ከተቋቋምንበት ዓላማ ሲርቅ «አንወዳደርም» ብሎ በቃለ ጉባኤ መወሰን ከባድ ነው፤ በተለይ ደመወዝ የሚጠብቁ ሠራተኞች ሲኖሩ። ያንን ቀን ለመቋቋም ነው አስቀድሞ ገንዘብን በሥርዓት መያዝ የሚያስፈልገው።

እስቲ ቁጥር እንያዝ። ምሳሌ ነው። አንድ ማኅበር ጀሞ አካባቢ ቤት ተከራይቶ የ60 ሕፃናት የቀን ማቆያ ከፈተ እንበል። ለምግብ፣ ለመማሪያና ለሞግዚቶች በወር ለአንድ ልጅ 1,500 ብር ያወጣል። ይህ በዓመት 1,080,000 ብር ነው። በፕሮፖዛሉ ላይ «አንድን ሕፃን በ18,000 ብር ዓመቱን ሙሉ እንንከባከባለን» ተብሎ ተጻፈ፤ ለጋሹም ደስ ብሎት ያንኑ ሰጠ። የቤት ኪራዩ ግን በወር 40,000 ነው፤ በዓመት 480,000። ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ጥበቃው፣ መብራቱ፣ የኦዲት ክፍያው ተደምሮ በወር 25,000፤ በዓመት 300,000። ጠቅላላው 1,860,000 ብር ሆነ። የአንድ ልጅ እውነተኛ ወጪ 31,000 ብር ነው ማለት ነው። በወረቀቱና በእውነቱ መካከል በዓመት 780,000 ብር ጎደለ።

ይህ ጉድለት የትም አይጠፋም። በመጀመሪያ ኪራይ ይዘገያል። ከዚያ የሠራተኛ ጡረታ ሳይገባ ይቀራል፤ ሕጉ የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እንዲያዋጡ ያዛል፤ ከሠራተኛው ደመወዝ ተቀንሶ በድርጅቱ ሒሳብ የተኛው 7 በመቶና የሥራ ግብሩ የድርጅቱ ገንዘብ አይደለም፣ የሌላ ሰው አደራ ነው። ቀጥሎ ከሌላ ፕሮጀክት ሒሳብ «ለጊዜው» ይበደራል። ለውኃ ጉድጓድ የመጣ ገንዘብ ለማቆያው ኪራይ ዋለ። የሚመልሰው ሌላ ገንዘብ እስኪመጣ ውኃው ይቆማል። ሦስት ዓመት እንዲህ የኖረ ድርጅት ሲመረመር ሌባ ሳይገኝበት ሁሉም ለጋሽ የተከዳ ይሆናል። ይህ ሁሉ የመጣው ፕሮፖዛሉን የጻፈው ሰው እውነተኛውን ወጪ ለመጻፍ ስለፈራ ነው።

የፈራበትም ምክንያት አለ። አስተዳደራዊ ወጪ በእኛ አገር ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ሲታይ ኖሯል። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 አስተዳደራዊ ወጪን በ30 በመቶ ገድቦ ነበር፤ በአፈጻጸሙ መመሪያ ግን ለዓላማው የሚደረግ ብዙ ወጪ በአስተዳደር ስለሚቆጠር ድርጅቶች ብዙ ተከራክረዋል። የ2011ዱ አዋጅ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርጎ የአስተዳደር ወጪን ትርጉም አጠበበው፤ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ብቻ ወደዚያ አስገባ። ከላይ ባየነው ምሳሌ ልጆቹ የሚውሉበት ቤት ኪራይ የሥራው ወጪ ነው። የቀረው 300,000 ብር ሙሉ በአስተዳደር ቢቆጠር እንኳ ከ1,860,000 ብር 16 በመቶ ገደማ ነው፤ ከሕጉ ጣሪያ በታች። ስለዚህ እውነቱን ለመጻፍ ሕጉ አይከለክልም። የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝና የኦዲት ክፍያ ከሕፃናት አፍ የተነጠቀ አድርጎ የሚያይ ለጋሽ ካለ፣ የሕፃናቱን ገንዘብ የሚጠብቀው ያ ሰው መሆኑን ማስረዳት የቦርዱ ሥራ ነው።

የገንዘብ ምንጭ ነገር ከዚህም የከበደ ትምህርት ሰጥቶናል። የ2001ዱ አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት እንዳይሠሩ አገደ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤና የኢትዮጵያ የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳባቸው በ2002 ዓ.ም. ታገደ። ሕጉ ፍትሐዊ አልነበረም፤ በ2011 መለወጡም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ሲሆን የአገር ቤት ደጋፊ የነበራቸው ድርጅቶች የትኞቹ እንደሆኑ ተለይቶ ታየ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ፈተና መጣ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የዶላር ድጋፍ ያለው በብር ሲመነዝር በጀቱ ሰፋለት፤ በብር የሚሰበስበው ግን በዚያው መዋጮ የተወደደ ዘይትና መድኃኒት ለመግዛት ተገደደ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ተራው የዶላሩ ሆነ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታን አስቆሙ። ኢትዮጵያ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ከፍተኛውን የአሜሪካ እርዳታ ከሚያገኙት አንዷ ነበረች። በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ የጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። እርዳታውን ያስተላልፍ የነበረው ዩኤስኤይድም ራሱ በሰኔ 2017 መጨረሻ ሥራውን አበቃ።

አንድ ለጋሽ ላይ የተደገፈ ድርጅት ሥራ አስኪያጁ ቢተጋም በአንድ ፊርማ ይወድቃል። ለዚህ ነው ከየዓመቱ ገቢ ትንሽም ቢሆን በየትኛውም ፕሮጀክት ያልታሰረ መጠባበቂያ መያዝ የሚገባው። የሦስት ወር የሥራ ማስኬጃ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ የአንድ ወር ይጀመር። መጠባበቂያውን በተለየ ሒሳብ፣ በቦርድ ውሳኔ ብቻ የሚነካ አድርጋችሁ ያዙት።

የአገር ቤት ልገሳ ይቻላል ወይ ለሚል ሰው የወይዘሮ አበበች ጎበናን ሕይወት እጠቅሳለሁ። በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው በረሃብ የተጎዱ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በዓመቱ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ቤታቸውን ጥለው ወጡ፣ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በስማቸው የሚጠራው ማኅበር ከእሳቸው በኋላም የሚኖር ተቋም ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው ልገሳ የመሥራቿ ጉልበትና ገበያ ነበረ። ዛሬ ደግሞ በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሰርግን፣ ልደትንና ተዝካርን የልገሳ ቀን አድርጓቸዋል፤ ሙሽሮች አረጋውያኑ ጋ ይውላሉ። ይህ የኢትዮጵያዊ ልግስና የራሱ መንገድ ነው። ከሒሳብ አያያዝ አንጻር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በዓይነት የመጣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ልብስ፣ ፍራሽ እንደ ብር ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ በገበያ ዋጋ ተገምቶ ገቢ ይሁን፣ ከግምጃ ቤት ሲወጣ ይፈረምበት። ጤፍ ሳይመዘገብ ገብቶ ሳይመዘገብ ከወጣ ሰው ይጠረጠራል፣ ንጹሑም አብሮ ይታማል።

ሌላም በተለይ አዲስ የሚቋቋሙ ማኅበራትን የማስጠነቅቅበት ነገር አለ። ብዙ መልካም ሥራ የሚጀመረው በአንድ ሰው ስልክ ነው። «በዚህ ቴሌብር ላኩ» ተብሎ ይለጠፋል፤ ቁጥሩ የመሥራቿ የግል ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያምናታል፣ እሷም የምትታመን ናት። ሆኖም የቤቷ ኪራይና የታማሚው መድኃኒት ከአንድ ቋት እየወጡ ስትቆይ ራሷም መለየት ይሳናታል። ከምዝገባ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ በድርጅቱ ስም በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ መክፈት ነው። ከዚያም ወጪን የሚያዝ፣ ገንዘቡን የሚይዝ፣ መዝገቡን የሚጽፍ ሦስት ሰው ይሁን። «እኛ ጋ ሠራተኛው ሁለት ብቻ ነው» የሚል ካለ ሦስተኛው ከቦርዱ ይምጣ፤ በየወሩ የባንኩን መግለጫ ተቀብሎ ከመዝገቡ ጋር መስመር በመስመር ያስታርቅ። ቼክ ባዶውን አስቀድሞ አይፈረምበት፤ ፈራሚው ለጉዞ ሲወጣ «ለማንኛውም» ብሎ ፈርሞ የተወው ቼክ ብዙ ማኅበር አፍርሷል።

በመጨረሻ ቦርዶች ሲበዛ የሚሸሹትን አንድ ወረቀት ላንሣ። ገንዘቡ ነገ ቢቋረጥ ማን ምን ያደርጋል የሚለውን ነው። ወደ ምሳሌው ማቆያ እንመለስና፣ ስድሳዎቹ ልጆች ወዴት ይሄዳሉ? ቤተሰቦቻቸው ስንት ቀን ቀድመው ይነገራቸዋል? ለሠራተኞቹ የሚገባው የማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያ ስንት ብር ነው፣ ከየትኛው ሒሳብ ይወጣል? በአቅራቢያው ያለ ሌላ ማቆያ ስንቶቹን ሊቀበል ተስማምቷል? ብርድ ልብሱ፣ አልጋው፣ ድስቱ ለማን ይሰጣል? መልሱ በሁለት ገጽ ይጻፍ፤ ቦርዱ ይፈርምበት፤ ለወላጆች ኮሚቴም ቅጂው ይሰጥ። ኪራይ በጨመረ፣ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ቁጥሩ ይታደስ። መጠባበቂያው ስንት መሆን እንዳለበትም የሚታወቀው ከዚሁ ወረቀት ነው። በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ አጀንዳ ላይ አንደኛ ተራ አስይዙት፤ በአንድ ስብሰባ ካላለቀ በሁለት ጨርሱት።